አርዴላ የቀናችበት ብድር

አርዴላ ፕሩዊት ራሷን ቀናተኛ ብላ አስባ አታውቅም። ታናሽ እህቷ አትላንታ ሄዳ የጥርስ ሐኪም ስታገባ ከሁሉ በላይ የጨፈረችው እሷ ነበረች። በቤተክርስቲያን የመዘምራን መሪነቱ ለሌላ ሴት ሲሰጥም ትንሽ አኩርፋ ተወችው። በሮዛን ላይ ያደረባት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ጠዋት ጠዋት የአውቶቡሷን ሞተር ስታሞቅ ሮዛን እያፏጨች በአጠገቧ ካለፈች፣ መስኮቷን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች።

ሁለቱም ክሊቭላንድ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ። የተቀጠሩት በአንድ ሰሞን ነው፤ ደሞዛቸውም አንድ ነው። አርዴላ ጥቁር ናት፣ የከተማው ምሥራቅ ልጅ። ሮዛን ነጭ ናት፤ አያቶቿ ከስሎቫኪያ መጥተው ከወንዙ ማዶ በምዕራብ በኩል የሰፈሩ። ወንዙ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ሰዉንም ለሁለት ከፍሎታል፤ በነጂዎቹ ማረፊያ ክፍል ግን ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጠረጴዛ ይበሉ፣ ባንድ ላይ አለቃቸውን ያሙ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ወሬው ወደ ቤት ብድር ዞረና ሮዛን ሳንድዊቿን እየገመጠች፣ «የኔ ክፍያ ከባንክ ሒሳቤ በራሱ ይቆረጣል። ስንት እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ» አለች።

አርዴላ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ባሏ ፊት ቆመች። ኤምሪ የብረት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ቤት ይውላል።

«ረስቼዋለሁ አለች! ሰማኸኝ? ረስቼዋለሁ!»

«እሷ ብትረሳ አንቺን ምን ቆረጠሽ?»

«እኔ በእንቅልፌም አልረሳውማ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ኤምሪ፤ «ሌሊት ሌሊት ትደምሪያለሽ። ትናንትና ስትቀንሺም ሰምቼሻለሁ።»

አርዴላ መሳቅ አልቻለችም።

ቤቱ የእናቷ ነበር። እናቷ የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ ያለ አንዳች ዕዳ ነበር ያወረሰቻት። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር፣ የማሞቂያውም ነገር ሲያከትምለት፣ አርዴላ ቤቱን አስይዛ ልትበደር ከልጅነቷ ጀምሮ ወደምትቆጥብበት መሀል ከተማ ያለ ባንክ ሄደች። ዳክዬ ዳክዬ ያለበት ክራባት ያሰረ ወጣት ተቀበላት። ሳያስቀምጣት፣ «ለእርስዎ የሚስማማው እህት ድርጅታችን ነው፤ እዚያው ሰፈርዎ ውስጥ አለ» ብሎ አድራሻውን በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፈላት።

እህት ድርጅቱ ውስጥ የጠበቃት ሌላንድ የሚባል፣ በሌላ አጥቢያ የሚዘምር፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰው ነበር።

«እህት አርዴላ! እኛ እያለንልሽ ባንክ ለባንክ ማን አንከራተተሽ?»

ወንድም ሌላንድ ቤቷ ድረስ መጣ። የጋገረችውን የኮክ ኬክ ሁለቴ አስጨምሮ በላ። ከመፈረማቸው በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ከዚያ ወረቀቱን በየገጹ እየገለጠ በጣቱ የሚፈረምበትን ብቻ ያሳያት ጀመር።

«መጀመሪያ ላይ ክፍያው ቀላል ነው። በኋላ ከፍ ከማለቱ በፊት እኔው ራሴ በሌላ እቀይርልሻለሁ።»

«ሳትቀይርልኝ ከፍ ካለስ?»

ሌላንድ እስክሪብቶውን አስቀመጠና በሐዘን አያት። «እህቴ፣ እምነት የለሽም እንዴ?»

አርዴላ አፈረችና ፈረመች።

ወለዱ ሲንር ሌላንድ አልነበረም። ቢሮው የዊግ መሸጫ ሆኗል። ብድሩ ካሊፎርኒያ ላለ ማንም ስሙን ሰምቶት ለማያውቅ ኩባንያ ተሸጧል፤ ስትደውል ሙዚቃ ታዳምጣለች፣ ሰው ሲያነሳ ደግሞ ማን እንደሆነች ከመጀመሪያው ያስነግራታል። ከብድሩ ልውጣ ብትል መውጫውም ቅጣት አለበት። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሚስ ኦፓል፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲያነሱ ሲያስተኙ ኖረው ጡረታ የወጡ አሮጊት፣ እሳቸውም ያው ሌላንድ ኬካቸውን በልቶ ጸልዮላቸው ነበር። መንገዱ ላይ የሚታሸጉት ቤቶች በዙ። ሰዉ በወጣ በሳምንቱ ሌባ ገብቶ የመዳብ ቧንቧውን ነቅሎ ይወስዳል፤ ቀጥሎ መስኮቱ በጣውላ ይመታል።

አርዴላ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነበር ጠዋት ጠዋት የሮዛንን ፉጨት የምትሰማው። ቅናቱ ግን ለከት ያጣው ሮዛን በብድሩ ገንዘብ አዲስ የኩሽና ቁምሳጥን ያሠራች ጊዜ ነው። ከነጂዎቹ አንዱ፣ «ብድሩን እንዴት ሰጡሽ ባክሽ? ስትፋቺ ዕዳ ሳትከፍዪ ቀርተሽ ክሬዲትሽ ድራሹ ጠፍቶ አልነበር?» ሲል ጠየቃት።

«ጠፍቶ ነበር እንጂ!» አለች ሮዛን። «መኪናዬን እንኳ ጎትተው ወስደውብኝ የለ? ያ የባንኩ ልጅ ግን ደግ ነው። ቡና ሰጠኝ። ‹መጥፎ ዓመት የማያጋጥመው ሰው የለም› አለና ወለዱ የማይንቀሳቀስ ብድር ሰጠኝ።»

«የቱ ባንክ?» አለች አርዴላ።

ሮዛን ነገረቻት። ያው ባንክ፣ ያው መሀል ከተማ ያለው ቅርንጫፍ።

«ልጁ እንኳ ትዝ ይለኛል። ክራባቱ ላይ ዳክዬዎች አሉበት፤ ሳቄን አፍኜ ነው የፈረምኩት።»

አርዴላ ተነስታ ምሳዋን ከነሣህኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ይህ ብድር እስኪመጣ ድረስ ዕድሜዋን ሙሉ አንድም ክፍያ አሳልፋ አታውቅም ነበር። የመብራት ሒሳብ እንኳ ቀኑ ሳይደርስ ነው የምትከፍለው።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ብታስበው ታፍራለች፤ ያን ጊዜ ግን አላፈረችም። አውቶቡሷን የሮዛን አውቶቡስ መውጫ ላይ ገትራ ታቆማለች። መንገድ መዘጋቱን እያወቀች አትነግራትም። ሮዛን ለልጆቿ በጓሮ የተከለችው የፕላስቲክ መዋኛ ፈንድቶ ምድር ቤቷን ሲያጥለቀልቅ በዓይነ ሕሊናዋ ታያለች፤ በዚያም ደስ ይላታል። ሮዛን ደህና አደርሽ ስትላት ዞር ብላ የአውቶቡሷን ጎማ ታያለች።

አንድ እሑድ ከቤተክርስቲያን ስትወጣ መኪናዋ ወደ ቤት አልሄደም። ወንዙን ተሻግራ ሮዛን ቤት ፊት ለፊት አቆመች። ያየችው ነገር አናደዳት፤ ቤቱ ከእሷ ቤት ያንሳል! በረንዳው ጠባብ፣ ግቢው ኩርማን። ትልቅና የሚያምር ቤት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀላት ነበር። ለዚህች ጎጆ ቡና አፍልተው፣ ወንበር ስበው፣ «መጥፎ ዓመት» ብለው አባብለው! የእናቷ ቤት ሰፊው በረንዳ፣ በእንጨት የተጌጠው ደረጃ ዓይኗ ላይ መጣ።

ሮዛን በመስኮት አይታት ኖሮ በነጠላ ጫማ ወጣች።

«አርዴላ? አንቺ ነሽ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«መንገድ ጠፍቶኝ ነው።»

«አውቶቡስ ነጂ ሆነሽ?»

አርዴላ መሪውን ጨበጠች።

«ወር ሙሉ ስትነክሺኝ ከረምሽ» አለች ሮዛን ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ። «ንገሪኝና ይውጣልሽ። ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም!» ብላ ጮኸች አርዴላ። «ምንም አላደረግሽም! እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ? መኪናሽን ጎትተው የወሰዱብሽ ሴትዮ፣ እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጠው ቡና ሰጡሽ። እኔን ያው ልጅ፣ ያው ባለ ዳክዬው፣ እንደቆምኩ ወደ ሌባ ላከኝ። አሁን የእናቴን ቤት ሊወስዱት ነው። አንቺ ስንት እንደምትከፍዪ ረስተሻል!»

ሮዛን ፊቷ ቀላ። «እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? ምናልባት ሳታነቢው ፈርመሽ ይሆናላ።»

«አንቺ አንብበሽ ነው የፈረምሽው?»

ሮዛን ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ጎረቤቶቿ በየበረንዳቸው ወጥተው ያያሉ። «የኔ ጥፋት አይደለም፣ አርዴላ» ብላ ገባች። በሩን ስትዘጋው ግን ቀስ አድርጋ ነበር።

በማግስቱ አልተነጋገሩም። በሳልስቱም እንዲሁ። ያኔ ሚስ ኦፓል በሌላንድ በኩል የተበደሩትን በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት እየሰበሰቡ ነበር፤ ብዙ ከተጨቀጨቀ በኋላ ባንኩ ሰው እልክላችኋለሁ አለ። በቀኑ አዳራሹ ሞላ። የባንኩ ሰው ሚስተር ብራንት ይባላል፤ ፀጉሩ የተላጨ፣ ድምፁ ለስላሳ። አርዴላ እንድትናገር ተመረጠች። ተነስታ ሁሉንም ተናገረች፤ የእናቷን ቤት፣ ባለ ክራባቱን ልጅ፣ የሌላንድን ጸሎት።

ሚስተር ብራንት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጣት። «ወይዘሮ ፕሩዊት፣ ስሜትዎ ይገባናል። ግን እያንዳንዱ ጉዳይ የየራሱ ምክንያት አለው። የክሬዲት ታሪክ አለ፣ የገቢ ሁኔታ አለ…»

ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አርዴላ ዞር ስትል ሮዛን ቆማለች፤ ስትገባም አላየቻትም።

«ይቅርታ» አለች ሮዛን። «የሷና የኔ ገቢ አንድ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነን። የክሬዲት ታሪክ ካነሱ ደግሞ የኔ ያስለቅሳል። ያንኑ ባንክ፣ ያንኑ ልጅ ነው ያነጋገርኩት። ለኔ ርካሹን ሰጠኝ። ለሷ ለምን አልሰጣትም? ምክንያቱን እዚሁ ይንገሩኝ፤ ልስማው።»

ሚስተር ብራንት ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። «ስምዎን ማን ልበል?» አለ። ስብሰባውን ልትዘግብ መጥታ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጋዜጠኛም ካሜራዋን ወደ ሮዛን አዞረች።

አርዴላ እንባዋ መጣ፤ የምስጋና ብቻ አልነበረም። የኩሽናው ቁምሳጥን፣ መዋኛው፣ ፉጨቱ፣ ብድሩ ራሱ፣ ሁሉም ተደምረው እንደዚያ እስክሪብቶ አላስቀኗትም።

ሲወጡ ሮዛን መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀቻት። «አሁንም ተቆጥተሻል?»

«ተቆጥቻለሁ።»

«በኔ?»

«ዓመት ሙሉ ስለው የኖርኩትን አንቺ አንዴ አልሽው፤ ሰውየው ይጽፍ ጀመር።»

«አይቻለሁ» አለች ሮዛን። የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ አዞረች። «እስክሪብቶውን ሲያወጣ አይቻለሁ። ምን ይሻላል? ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

አርዴላ አፍንጫዋን በመሐረቧ ጠረገች። «ዝም እንዳትዪ! የከተማው ምክር ቤት ሲጠራንም መጥተሽ ትደግሚዋለሽ። እኔ ግን እየቀናሁብሽ እቀመጣለሁ፤ እሱን አትከልክዪኝ።»

«ቅኚ» አለች ሮዛን። «ብቻ አውቶቡስሽን ከመውጫዬ ላይ አንሺልኝ።»

አርዴላ ሳታስበው ሳቀች።

ሮዛን ቃሏን ጠበቀች። ምክር ቤት መጣች፤ ለድሆች በነፃ የሚከራከር ጠበቃ ሲገኝም የራሷን ወረቀቶች በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ አመጣችለት። ጋዜጣው ላይ የወጣው ፎቶ የሷ ነበር፤ አርዴላ ከጎኗ በግማሽ ትከሻ ብቻ ትታያለች። ኤምሪ ጋዜጣውን አንስቶ፣ «ይቺን ትከሻ የት ነው የማውቃት?» ቢል ለሁለት ቀን አኮረፈችው። ባንኩ ጥፋት አለብኝ ብሎ አላመነም፤ ጩኸቱ ሲበዛበት ግን ካሊፎርኒያ ካለው ኩባንያ ጋር ተደራድሮ ቤቱ ገና ለሐራጅ ያልቀረበባቸውን ብድሮች እንደገና ለማስተካከል ተስማማ። የአርዴላ ወለድ ከሮዛን ጋር እኩል ሆነ።

የሚስ ኦፓል ቤት ግን ስምምነቱ ከመምጣቱ በፊት በሐራጅ ተሽጦ ነበር። ጠበቃው ሮጠ፣ ለመነ፣ አልሆነም። ሰውን ሁሉ የሰበሰቡት፣ ወንበሩን የደረደሩት፣ አርዴላን «ተናገሪ፣ አይዞሽ» ያሏት እሳቸው ነበሩ።

የሚወጡበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። የልጃቸው ባል ከአክረን የጭነት መኪና ይዞ መጣ። አርዴላና ሮዛንም ሊያግዙ መጡ፤ ኤምሪ ወገቡን ይዞ በረንዳ ላይ ሆኖ አቅጣጫ ይሰጣል። አልጋው ወጣ፣ ሶፋው ወጣ። ሚስ ኦፓል አንድ ነገር እንዳይሰበር እየተቆጡ፣ እየቀለዱም ነበር። ዕቃው ሊያልቅ ሲል ግን ንግግራቸውን አቁመው እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሙና ወደ አርዴላ ቤት አሻግረው አዩ። አዲሱ ጣሪያ ፀሐይ መትቶት ያበራል። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፣ መጋረጃው ይወዛወዛል።

«ጣሪያሽ አማረ፣ ልጄ» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ያለውን አርዴላ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሰው ያለ ጥፋቱ ሲቀናበት ምን እንደሚሰማው ግን ገና አሁን አወቀችው። መልስ ፈለገች፤ «የእርስዎም ይሆናል» እንዳትል ውሸት ነው፣ «ይቅርታ» እንዳትል ምኑን ብላ። ዓይናቸውን ሸሽታ ወደ ሚስ ኦፓል ቤት ገባች፤ የምግብ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን ይዛ ብቻዋን ከምትታገለው ሮዛን በተቃራኒው ቆመች።

«ያዝሽው?» አለች ሮዛን።

«ይዣለሁ፤ አንሺ።»

አነሱትና በጠባቡ በር በኩል አዙረው፣ ግድግዳውን እንዳይቧጭሩት እየተጠነቀቁ አወጡት።