የወገብና የጉልበት ነገር

ፀጉር አስተካካዩ አማቱን የዋሻቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ያንንም ጭንቅ ብሎት ነው። አማቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የሰፈሩን የጋራ አትክልት ቦታ ያለማሉ። አንድ ቀን፣ “ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ትቆፍርልኛለህ” ሲሉት፣ ምላሱ ቀደመውና “ውይ እማዬ፣ ወገቤ!” አለ።

በቃ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ወገቤን ቢል ማን ይጠረጥረዋል? አማቱ አዝነውለት ቅባት ላኩለት። ሚስቱ ማታ ማታ በዚያው ቅባት ታሸዋለች። እሱ ደግሞ ቅዳሜ ሲነጋ “ፀጉር ቤቱን ልክፈት” ብሎ ይወጣና ከሩጫ ቡድኑ ጋር ከተማውን ሲያካልል ያረፍዳል።

የቡድኑ አለቃ ፊሽካ ከአንገቷ የማይወርድ ነርስ ናት። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሚደርስ “ጥይት” ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ ነርሷ፣ “ዛሬ ሩጫችን የሚያልቀው አትክልት ቦታ ነው፤ በነፃ እናግዛቸዋለን” አለች። ፀጉር አስተካካዩ የጫማውን ክር ሲያስር ጆሮውን አልሰጣትም። ዳገቱን ሲያይ ግን ሞቅ አለውና ሁሉንም ጥሎ ሽምጥ ጋለበ። ነርሷ ከኋላ “በቀኝ! በሩ ክፍት ነው!” ስትለው፣ ከማንም ቀድሞ ዘው አለ።

ቀና ሲል አማቱ የግንብ አጥሩ ላይ ቆመዋል። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው የባቄላ ሐረግ ያስራሉ። አዩትና ደነገጡ፤ ደንግጠውም እንደ ልጃገረድ ዱብ አሉ።

እኚህ ሴት እኮ “ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ አለኝ” ብለው የልጃቸውን ቤት ከረገጡ ዓመት አልፏቸዋል!

“ወገብህስ?” አሉ አማት።

“ጉልበትዎስ?” አለ አማች።

ሌሎቹ ተከታትለው ገቡ፤ መጨረሻ ላይ ጥይት እያለከለከ ደረሰ። “እማማ፣ ይሄን ሰውዬ ያዙልኝ! ዳገቱን እየዘለለ ወጣው እኮ!”

“ወገቡን ያመዋል” አሉ አማቱ ኮስተር ብለው።

“የቱን ወገቡን?” አለ ጥይት።

አማቱ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልሆነላቸውም፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። “እኔስ ምን ላድርግ? ቤታችሁ ብመጣ፣ አንተ ወሬ ከጀመርክ ማን ያስቆምሃል? ደንበኞችህ በፎጣ ታስረው ነው የሚሰሙህ፤ እኔ በምን ዕዳዬ?”

 ፀጉር አስተካካዩንም ሳቅ ያዘው።

ለማዳበሪያ የሚሆን ብስባሽ ያመጣው የጭነት መኪና፣ የአትክልት ቦታው በር ጠቦት ደጅ ላይ ቆልሎት ሄዷል። ያን ሁሉ ወደ መደቦቹ ማጋዝ ነው። ነርሷ ሰዉን ሁለት ሁለት እያደረገች፣ ከፊትና ከኋላ የሚይዙትን ባሬላ አስጨበጠቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ ያለ ጓደኛ ቀረ።

“እኔ አለሁለት” አሉ አማቱ፤ የኋላውን እጀታ ያዙ።

ሯጭ ደግሞ ዕቃ ይዞም ቢሆን ሰው ሲቀድመው አይወድም። ፊሽካው ሲነፋ አትክልት ቦታው የውድድር ሜዳ ሆነ። “ጎመኑን! ጎመኑን እንዳትረግጡ!” ይላሉ አማቱ፤ መልሰው ደግሞ “ፍጠን እንጂ፣ ጥይት ሊቀድመን ነው!” ጥይት እውነትም ከኋላቸው እየመጣ ነው፤ በዕድሜው ሰው ሲቀድም የመጀመሪያው ሊሆን ነው። አማችየው ዞር ብሎ ሲያይ የውኃ ማጠጫ ጎማ አደናቀፈው። ባሬላው ተገለበጠ፤ ሁለቱም ብስባሹ ላይ ዘጭ!

ነርሷ እየሮጠች መጣች። “ምናችሁን ተመታችሁ?”

“ጉልበቴን!” አለ እሱ።

“ወገቤን!” አሉ እሳቸው፣ እኩል።

ተያዩ። ሕመማቸውን ተለዋውጠዋል! አማቱ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ፤ እሱ እንባው በብስባሹ ላይ መንገድ አወጣ። ነርሷ ምኑም ባይገባት ከእነሱ ብሳ ሳቀች። ጥይት ብቻ ጭነቱን አድርሶ እጁን ሽቅብ እየወረወረ፣ “አንደኛ! አንደኛ ወጣሁ!” ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ሳቁ በረድ ሲል አማቱ፣ “ለልጄ ምን ልንላት ነው?” አሉ።

“እውነቱን” አለና ደወለላት። ከሀ እስከ ፐ ነገራት። ሚስቱ ሰምታ ስትጨርስ፣ “ከዚያች እንዳትነቃነቁ!” ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችው።

“አለቀልን” አሉ አማቱ።

ብዙም አልቆየች፤ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች እየበረረች ገባች። ባሏን አየች፤ እናቷን አየች፤ ሁለቱም ዓይናቸው ብቻ ይቁለጨለጫል። ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ስልኳን እያወጣች፣

“ደጅ ያለው የብስባሽ ክምር ላይ ተቀመጡ፤ ፎቶ ሳላነሳችሁ የምትታጠቡ እንዳይመስላችሁ!” አለች።

ታዝዘው ተቀመጡ፤ አማቱ ክንዱን ያዙት። ጥይትም “አሸናፊውስ?” እያለ ሮጦ መጥቶ ከመሃላቸው ሲሰየም፣ ክምሩ ተናደና ሦስቱም እየጮኹ ተንሸራተቱ።