አትቀስቅሱት

በእህትማማቾቹ ኬክ ቤት ውስጥ ሽሮፕ አንዴ መፍላት ከጀመረ አይማሰልም። «አትቀስቅሱት» ይባላል። ስኳሩ በውሃና በሎሚ ጭማቂ ይሟሟል፣ የድስቱ ዙሪያ በእርጥብ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ከዚያ በኋላ ጭልፋ የሚያስገባ ወዮለት፤ አንዲት ያልሟሟች የስኳር ቅንጣት ሁሉንም መልሳ ስኳር ታደርገዋለች! ቀስ እያለ ሲንተከተክ ሎሚው ስኳሩን ይሰብረዋል። ሲበርድ ቁንጥር ሶዳ ጣል ይደረግበትና ኮምጣጣነቱ ይጠፋል። እንዲህ የተሠራ ሽሮፕ ቢከርምም ወደ ስኳርነቱ አይመለስም፣ ኬኩንም ሳይደርቅ ያቆየዋል። ታላቅየዋ «ንብ ያላየው ማር» ትለው ነበር። ደንበኛው ሁሉ የደን ማር ነው ብሎ ሲምልላት በሳቅ ትፈርስ ነበር።

«ትለው ነበር» ማለት እንዴት ያስጠላል። ከሞተች ወዲህ ግን ሌላ የሚባል የለም።

ታናሽየዋ ሥራውን ብቻዋን ያዘች። አሮጊት እናታቸው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ጋደም ብለው ይውላሉ። ሽሮፑ ግን እምቢ አላት። በበረደ ቁጥር ስኳሩ እየረጋ አሸዋ ሆነ። ሎሚ ጨመረች፣ እሳት ቀነሰች፣ ድስት ቀየረች፤ ወይ ፍንክች! ደንበኛ ለማስተናገድ ወደ መሸጫው ወጣ ብላ ስትመለስ፣ የስኳሩ ጭልፋ እርጥብ ሆኖ ድስቱ አጠገብ ተጋድሞ ታገኘዋለች። ኬኮቹ በማግስቱ ይደርቁ ጀመር። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን የኬኩ ነገር አልነበረም።

እህቷ በሞተችበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስታቃስት ከርማ ድንገት ረገብ አለች። እናትየው ውሃ ይዘው ሊገቡ ሲሉ ታናሽየዋ በሩ ላይ አስቆመቻቸው።

«አትቀስቅሻት እማዬ፤ እንቅልፍ ያገኘችው ገና ዛሬ ነው።»

እናት እሺ ብለው ከበሩ ውጭ ተቀመጡ። ኋላ ሲገቡ ቀዝቅዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ በር ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

ታዲያ ድስቱን የምትቀሰቅሰው ማን ናት? ታናሽየዋ መልሱን አውቀዋለሁ ብላ ደምድማለች። እህቷ ቂም ይዛባታለች። «ይቅር በይኝ እታለም» እያለች ከባዶው ወጥ ቤት ጋር ማውራት ጀምራለች። ሰው ቢሰማት አበደች ይላታል።

አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሽሮፑን ጥዳ ወደ መሸጫው የወጣች መስላ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ሸርተት፣ ሸርተት የሚል የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። ይህን አረማመድ ታውቀዋለች። ታላቅየዋ እግሯን እየጎተተች ስትሄድ «ወለሉን እየጠረግሽ ነው እንዴ?» እየተባለች ስንት ተቀልዶባታል! ታናሽየዋ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች። ቀጥሎ እንጨት ከድስት ጋር ሲጋጭ ሰማች። እንደምንም ብላ መጋረጃውን ገለጠችው።

እናቷ ነበሩ። የሟቿን ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ ሰፍቷቸው እየጎተቱት ነው። ከስኳር ጆንያው ያወጡትን ጭልፋ፣ ስኳሩ እንደተጣበቀበት፣ ድስቱ ውስጥ ያዞራሉ።

ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣ። «አንቺ ነሽ ለካ! ኧረ አትቀስቅሽው እማዬ፣ አሸዋ ይሆናል እኮ!»

እናት ዘወር አላሉም።

«ዝም ሲል እፈራለሁ» አሉ። «እሷም እንዲህ ነው ዝም ያለችው። ያን ቀን አትቀስቅሻት ስትይኝ እሺ አልኩሽ። አሁን እሺ አልልሽም።»

ታናሽየዋ ያን ሁሉ ይቅርታ ለባዶ ቤት ስታወራ፣ ሊሰሙት የሚገባቸው ሰው ከግድግዳው ወዲያ ተኝተው ነበር። ጭልፋውን ልትቀማ የዘረጋችው እጅ እናቷ እጅ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀረ። አብረው አማሰሉ። ከድስቱ ጠርዝ ነጭ ነጭ ነገር እየረጋ ወደ መሃል መጣ።

«ነቃች እንዴ?» አሉ እናት፣ ድስቱ ውስጥ እያዩ።

«አልነቃችም እማዬ።»

ማማሰሉን ግን ሁለቱም አላቆሙም።