ልጡ የተገፈፈው አቮካዶ

በዚያ ዓመት የግቢያችን አቮካዶ አበባ ጉድ ነበር። ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ቢጫ ለበሰ። ጎረቤት እየገባ "እሰይ! ዘንድሮስ ተባረካችሁ" ይላል፤ እናቴ መስኮቷን ከፍታ ትስቃለች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ዛፍ ያለ ምክንያት እንዲህ አያብድም።

ግቢው የእናቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ በቤታችን "ኮንትራክተሩ" የምንለው፣ ባዶ መሬት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ዛፉ የቆመበት ቦታ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ካልሠራሁ እያለ ስንት ጊዜ ጨቀጨቃት። መልሷ አንድ ነው፦ "በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ሥራ። እስከዚያ እንዳትነካብኝ!" ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት የምታየው እሱን ብቻ ነው። ዛፉን መቁረጥ ዓይኗን ማጥፋት ነው።

ከወራት በፊት ኮንትራክተሩ "ለብርድ ነው" ብሎ ግንዱን በጆንያ ጠቅልሎት ነበር። ለብርድ! ዛፍ ጉንፋን ይይዘዋል እንዴ? ያኔ ስቄ ማለፌ ነው የሚያናድደኝ። አበባውን ባየሁ ማግስት ጆንያውን ቀድጄ ጣልኩት። ግንዱ ዙሪያውን፣ አንድ መዳፍ ያህል፣ ልጡ ተገፎ ነጭ እንጨቱ ቀርቷል።

ዛፍ ሁለት መንገድ አለው። ውስጠኛው እንጨት ውሃ ከስር ወደ ላይ ያወጣል። ከቅርፊቱ ስር ያለው ልጥ ደግሞ ቅጠሉ በፀሐይ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ስር ያወርዳል። ወንድሜ ልጡን ገፎ እንጨቱን ተወው። ውሃው ስለሚወጣ ቅጠሉ ይለመልማል፤ ስኳሩ መውረጃ ሲያጣ ላይ ተከማችቶ አበባ ሆነ። ታች ስሩ ጦሙን እያደረ እኛ ላይ ላዩን እያየን እሰይ እንላለን።

ደሜ ፈላ። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ሠራው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አይጥ ይሆናላ።"

"አይጧ ሜትር ይዛ ነው የበላችው? ዳርና ዳሩ እንዴት ተስተካከለ?"

ከዚያ ባሰበት። "እሺ፣ ታዲያ ምን ሆነ? አበባውን አታዪም? ጭራሽ አማረበት እኮ!" በቶሎ ይደርቃል ያለው ዛፍ ስላሾፈበት ነው የበገነው።

"ገና ይሆናል። ስሩ የቋጠረውን ስንቅ ሲጨርስ ያልቅለታል።"

"እንግዲያው ምን ያለፋሻል? ተይው።"

"አልተውም! አንተ ፈረድክ ብሎ አይሞትም!"

ቢላ አመጣሁ፤ ከላይ ቀንበጦች ቆረጥኩ። የእያንዳንዱን ሁለት ጫፍ አሾላለሁ፤ አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በታች፣ ሌላውን ከቁስሉ በላይ ቅርፊቱ ስር እሰካለሁ። ልጥ ከልጥ ከገጠመ ይያያዛል፤ ስኳሩም በቀንበጡ ላይ ተሻግሮ ስሩ ጋ ይደርሳል። ግን አንድ እጅ ይዞ፣ አንድ እጅ ምስማር መምታት አለበት። የመጀመሪያውን ስመታ ከእጄ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ወንድሜ ሳቀ።

"ቲቸር፣ ይሄ ሰሌዳ ላይ እንደምትስይው አይደለም።"

"ለእማዬ ነው የምነግራት!"

"ንገሪያት። ለዘላለም አትኖር! ከእሷ በኋላ እቆርጠዋለሁ።"

"ከእሷ በኋላ እኔ አለሁልህ!"

ስንጯጯህ መስኮቱን ረስተነዋል። በሩ ተከፈተ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ዛፉ ድረስ መጣች። እንጨቱን ዳበሰችው።

"በየትኛው እጅህ ነው የገፈፍከው?"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ለሁላችንም ብዬ..."

"በዚያው እጅህ ያዝላት!"

"እማዬ..."

"ያዝ አልኩህ!"

ያን የሚያህል ሰውዬ ተንበረከከ። እሱ ይይዛል፣ እኔ እመታለሁ። "ኧረ ጣቴን!" ሲል "እንግዲህ ቻለው" አልኩት። ከልቤ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በቁስሉ ዙሪያ ቀንበጦቹን ሰክተን ስንጨርስ ሻማ አቅልጬ መጋጠሚያቸውን ደፈንኩ።

እናቴ እስክንጨርስ ቆማ ጠበቀች።

"ሁለታችሁም ስሙ። ሲደርቅ ሥራ ያልኩት ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄ ዛፍ ከደረቀ ግቢው በሙሉ የእሷ ነው። ለምልሞ ከቆየ እኩል ትካፈላላችሁ።"

ኮንትራክተሩ "እማዬ!" ብሎ ተነሳ። እሷ ግን ዞራ ግድግዳዋን ይዛ ገባች።

ይኸው አሁን ጠዋት ጠዋት ሳይነጋጋ ከች ይላል። ውሃ ያጠጣል፤ ቀንበጦቹ ላይ ቡቃያ ብቅ ሲል "ያዘ! ያዘ!" ብሎ በስልክ ከክፍል ያስወጣኝ እሱ ነው። ባለፈው ደግሞ አንድ ደላላ ገብቶ ግቢውን ቃኘና "ይሄን ዛፍ ብትቆርጡት እኮ አራት ክፍል ይወጣላችኋል" አለ። ኮንትራክተሩ አካፋውን እንደያዘ ተነሳ።

"ሞክራትና እጅህን ነው የምሰብረው!"