እማዬ ወደ ወጥ ቤት የጠራቻቸው

መርማሪ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ልጅ ሳለች ሬዲዮው ውስጥ የሚያወራውን ሰውዬ ላግኘው ብላ ብሎኑን ሁሉ ፈታችው፤ ሰውዬው ሲጠፋባት ደግሞ "ወጥቷል" ብላ ቁጭ አለች። ዛሬ የሊፍት ጠጋኝ ናት። የታመመ ሊፍት ሲያቃስት ሰምታ ሕመሙን ትናገራለች። እንዲህ ያለች ሰው በበዓል ቀን ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ የእናቷ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሆነው ነገር እንዴት ይለፋት?

የበጉ ታፋ የጋዝ ምድጃው ፉርኖ ውስጥ ከገባ ቆየት ብሏል። እየተበሳ ነጭ ሽንኩርት ተሰግስጎበት፣ በዘይትና በጥብስ ቅጠል ታሽቶ፣ ድንቹ ከሥሩ ተነጥፎለታል። እናት መጀመሪያ የጠራችው ጎረቤቷን ነበር። ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

"ጋሼ፣ እስቲ ይህን ጠርሙስ ይክፈቱልኝ!"

ሹፌሩ ሄደው እየሳቁ ተመለሱ። "ድሮም ክፍት ነበር፤ እኔ ክዳኑን ነካ ብቻ ነው ያደረግሁት።"

ጥቂት ቆይታ የልጇን ሚስት ጠራች፣ ከላይ መደርደሪያው ሳህን አውርጂልኝ ብላ። ምራትም ተመልሳ መጣችና "ሳህኑ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው" አለች።

ወንድም ይህን ሲሰማ ወደ እህቱ ጠጋ አለ። "ይኸው! ጠርሙስ መክፈት አቃታት፣ ፊቷ ያለውን ሳህን አታይም። ያለፈውን በዓል ረሳሽው?"

ያለፈውን በዓል ማን ይረሳዋል። ሥጋው ከሰል ሆኖ ጭሱ እስከ ደረጃው ሲወርድ፣ እናት ለፉርኖው ጀርባዋን ሰጥታ ሰላጣ ትከትፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድም በሚኖርበት ከተማ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ ይጠብቃታል። እሷ ደግሞ "ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው" ብላ ምላለች። ሲነታረኩ ከረሙና በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠችው ራሷ እናት ሆነች። "በበዓሉ መጥታችሁ ጥብሴን ብሉ። ከተበላሸ ሻንጣዬን አንሳ፤ ካማረ አፍህን ያዝ" አለችው። ወንድምም እሺ አለ። መርማሪ በሙሉ ልቧ የእናቷ ወገን ናት። ለወንድሟ አትንገሩት እንጂ ፈርታለች።

"ጋሼ፣ ጨው ይቅመሱልኝ!" ሲባል ሹፌሩ እንደገና ተነሱ። መርማሪም ውኃ የጠማት መስላ ተከተለችና በበሩ ስንጥቅ ማየት ጀመረች። እናት ጨውም ማንኪያም አልያዘችም። ዓይኗን ሹፌሩ ፊት ላይ ተክላለች። ሰውዬው እንደገቡ አፍንጫቸው ነፋ አለ፣ ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ። እናት ይህን ብቻ አየችና ዞር ብላ የፉርኖውን እሳት ቀነሰች።

"አሃ" አለች መርማሪ። አሃ ትበል እንጂ ነገሩ ገና አልገባትም።

ታዲያ እሷ ያልገባትን ነገር ትታ የምትሄድ ሰው አይደለችም። ሹፌሩ እንደወጡ ሳትጠራ ገባች፤ ፊቷን ጭራሽ ሳታንቀሳቅስ፣ ደስታም ቅሬታም ሳታሳይ ቆመች። እናት አየቻት። ደግማ አየቻት።

"ምነው፣ ጉንፋን ይዞሻል?"

"አልያዘኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ምነው?"

"ምንም አልሆንኩ።"

የእናት እጅ የእሳቱን መቆጣጠሪያ ይነካና ይመለሳል፣ ይነካና ይመለሳል። ከፉርኖው የሚወጣው ሽታ እየከረረ መጣ። ሳሎን የተቀመጠ ሰው እንኳ ይሸተዋል፤ እናት ግን አጠገቡ ቆማ የልጇን ፊት ትለምናለች። መርማሪ አላስቻላትም።

"እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሊያርር ነው።"

እናት ከፍቼ ልየው እንኳ ሳትል እሳቱን አጠፋች። ያኔ መርማሪ ገባት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካለፈው በዓል በፊት ያ ከባድ ጉንፋን ጥሎኝ ከተነሳሁ ወዲህ። ምንም አይሸተኝም። ሳሙናውም ሥጋውም አንድ ሆኖብኛል።"

"በሰዓት አትጠብሺም ታዲያ?"

"ሰዓት ሥጋ ያውቃል? ያም በግ ይሄም በግ እኩል አይበስልም። ድሮ በአፍንጫዬ ነበር የምጠብሰው። አሁን ሰው እየጠራሁ ፊቱን አያለሁ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ።"

"እሺ፣ አልነግረውም። ግን ጋዙስ እማዬ? ጋዙ ቢያፈተልክስ?"

እናት ድንቹን ማገላበጥ ያዘች።

ታፋው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ቆዳው ወርቅማ፣ ውስጡ ርጥብ ነበር። ሁሉም ቢላና ሹካውን ይዞ ወረደበት። ከዚያ ወንድም አፉን ጠርጎ "ተረትቻለሁ። እማዬ ከቤቷ አትነቃነቅም" አለ። ሹፌሩ አጨበጨቡ፣ ምራት አማቷን ሳመች፣ እናት እንደ ሙሽራ አቀረቀረች።

መርማሪ ብቻ አላጨበጨበችም። ዝም ካለች እናቷ ቤቷን አገኘች። ግን አንድ ጠዋት ጋዙ ሳይዘጋ አድሮ እናቷ ክብሪት ብትጭርስ? ቃል ደግሞ ቃል ነው፤ በዚያ ላይ የጡት። ስለዚህ አልተናገረችም፤ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

"እማዬ፣ ላንቺስ ጣፈጠሽ?"

እናት በዓይኗ ልትውጣት ደረሰች። "በጣም" ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሹካዋን አስቀመጠች።

"አላውቅም ልጄ" አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምራት አፏን ይዛ "ታዲያ እንዴት አድርገው ጠበሱት?" አለች።

"የእናንተን ፊት እያየሁ። ጋሼ ምራቃቸውን ከዋጡ መብሰል ጀምሯል፤ አንቺ ዓይንሽን ከጨፈንሽ ስቡ ቀልጧል።"

"ለካ ክፍት ጠርሙስ ያስከፈቱኝ ለዚህ ነው!" ብለው ሹፌሩ በሳቅ ፈረሱ። ምራትም ሳቀች። ወንድም ግን አልሳቀም።

"እዚህ ቤት ጋዝ አለ" አለ ቀስ ብሎ።

"ጋዙን ዛሬውኑ እኔ አወጣዋለሁ" አለች መርማሪ። "ምድጃውንም በኤሌክትሪክ እንቀይረዋለን።"

"የሚያርረውንስ? የሚበላሸውን ምግብስ ማን ያሸትላታል?"

"ጠዋትና ማታ እኔ ብቅ እላለሁ" አሉ ሹፌሩ። "ከመሪው ጡረታ ወጣሁ እንጂ አፍንጫዬ ጡረታ አልወጣም።"

እንደዚያ ስትሟገት የከረመችው እናት አሁን ወደ ልጇ ዞረች እንጂ አልተሟገተችም።

"ያታለልኩህ እኔ ነኝ፣ ፍርዱ ያንተ ነው፤ ተነሺ ብትለኝ እነሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ይኸው የጠበስኩትን ካሸተትኩ ስንት ጊዜዬ። ምን ምን ይላል?"

ወንድም ምግብ በልቶ "ጥሩ ነው" ከማለት አልፎ አያውቅም። ቆርጦ ጎረሰ፣ አላመጠ።

"ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።"

"እሱንማ እኔው ነኝ የሰገሰግሁት። ሌላስ?"

ሳህኑን አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቆየ። ሳህኑን ሲያወርደው ዓይኑ ቀልቷል።

"ቤት ቤት ይላል፣ እማዬ።"

አለና ያለውን ራሱ ሰማው። ሚስቱን አየ፣ እህቱን አየ። ከዚያ ከታፋው ደህናውን ቦታ ቆርጦ እናቱ ሳህን ላይ አስቀመጠ።

"እዚሁ ሁኚ" አላት።