ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ

እህቴ ወደ ቤተ ሙከራው ስትገባ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ገና ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች።

"ቶሎ ውጊኝና ሄጄ ልብላ" አለች።

"ምን ብዬ ነው የምወጋሽ?"

"ደሜን ልትወስጂ አይደል? ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም።"

"ምራቅ ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ።"

አንድ ዓይኗን ገለጠች። "ለምራቅ ነው ሆዴን ሳስጮኸው ያደርኩት?"

አፏ ደርቆ ጠብታ ማውጣት አቃታት። ውሃ አጠጥቼ ጥቂት ካስቆየኋት በኋላ ትንሿን ብልቃጥ ሰጠኋት። ብልቃጧን ገልበጥ አድርጋ አየቻት።

"እናታችን 'እንዳትተፉ' እያለች ስትቆነጥጠን አደግን። አንቺ ደግሞ ተምረሽ ተምረሽ ትፊ ትይኛለሽ።"

የምንሠራው ጥናት ጤነኛ አዋቂዎች ትኩረታቸውን በግራና በቀኝ እንዴት እንደሚያካፍሉ፣ ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመልም በዚህ ላይ ድርሻ ይኖረው እንደሆነ የሚመረምር ነው። ለዚህም እህትና ወንድም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ታላቅ ወንድማችን ተራውን ጨርሷል። የቀረችው ጥንዱ እህቴ ነበረች።

ከምራቁ ቀጥሎ ወረቀት አቀረብኩላት። ወረቀቱ ላይ አግድም መስመሮች አሉ፤ ሥራው በዓይን ብቻ ገምቶ የእያንዳንዱን መስመር መሃል በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው። ሰዎቹ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ይደግሙታል። እስከዚያ ድረስ ስለ ግራና ቀኝ አንዲት ቃል አንነግራቸውም፤ ያወቀ ሰው እጁን ያርማልና። እኔ ደግሞ ዝም በይ መባል ከብዶኝ አያውቅም።

ብልቃጡ ላይ ቁጥር ልጽፍ ዞር አልኩ። ስመለስ ማስመሪያዬን ከጠረጴዛው አንስታ መስመሮቹን እየለካች ነበር።

"ሁሉም ወደ ግራ ነው" አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። "አንድም መሃል ላይ የለም። ቀኙን አላየሁትም ማለት ነው።"

"እትዬ፣ መለካት አይፈቀድም።"

"የአባዬ ነው አይደል? እሱው ነው።"

አባታችንን ስትሮክ ከመታው በኋላ ሳህኑ ላይ ካለው ምግብ የቀኙን ግማሽ ብቻ በልቶ "ጠገብኩ" ይል ነበር። ሳህኑን ስናዞርለት "ይኼን ደግሞ ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ይገረማል። እስኪሞት ድረስ ያስታመመችው እህቴ ናት።

እህቴ ለዓመታት ሚኒባስ ነድታለች። አሁን መሥሪያ ቤቷ ረጅሙን አውቶቡስ ሊሰጣት እያሠለጠናት ነው። በልምምዱ ላይ ሁለት ጊዜ የቀኙን ጎን አስፋቀችው። መካኒኩ "እመቤት፣ በስተቀኝሽ ዓለም የለም እንዴ?" ብሎ ሲያሾፍባት ስቃ ማለፏን ነግራኝ ነበር። ለካስ አላለፈችውም።

"ነገ ነው ፈተናው። አልሄድም፤ ቁልፉን እመልሳለሁ። ያን ሁሉ ሰው ጭኜ..." አልጨረሰችውም።

ቦርሳዋን አንጠለጠለች። "አንዴ ቆይኝ" አልኳትና የዶክተሩን በር አንኳኳሁ። ዶክተሩ ጥናቱን የሚመራው ሰው ነው። ከእሱ ፊት ስቆም የማወራው ከራሴ ጫማ ጋር ነው። የሆነውን ነገርኩት።

"ከሁለተኛው ዙር በኋላ ብትነግሪያትስ?" አለ።

"ያኔ ሥራውን ትታዋለች።"

"መለካቷን መዝግበን እናልፈዋለን፤ ከነገርሻት ግን እሷም ወንድምሽም ይወጣሉ። ጥንድ ማግኘት እንዴት እንደሚያለፋ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።"

"አውቃለሁ፣ ዶክተር።" ቀና ብዬ አየሁት። "ልነግራት ነው።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "እንግዲያው በደንብ ንገሪያት" አለ።

እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ያልተነካ የመስመር ወረቀት አወጣሁና አንዱ መስመር ላይ ወደ ቀኝ ጫፉ ተጠግቼ ምልክት አደረግሁ።

"አባዬ ቢሠራው ኖሮ እዚህ ነበር የሚያደርገው" አልኳት። "እሱ ያጣው ግራውን ነው። የአንጎሉ ቀኝ በኩል ተጎድቶበት። ያንቺ ምልክት ተቃራኒ ነው።"

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው።

"ታዲያ የእኔስ ለምን ተንጋደደ?"

"አብዛኛው ጤነኛ ሰው ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል። የእኔም ያጋድላል። አንዱ ከሌላው ለምን እንደሚለይ፣ ዘር ድርሻ ይኖረው እንደሆነ ነው የምንጠይቀው። በሽታ አይደለም።"

"የወንድማችንስ?"

"የእሱን መናገር አልችልም።"

"ትንሽም?"

"ትንሽም።"

"አይ ሚጡ! ካንቺ አፍ ቃል የሚወጣው በመንጠቆ ነው።" ሳቅ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ። "አውቶቡሱስ?"

"ይኼ ወረቀት መንዳት ትችያለሽ ወይም አትችዪም አይልም። ዓይንሽን ታይተሻል?"

"ለሥልጠናው ታይቻለሁ። ደህና ነው ብለውኛል።"

"ረጅም መኪና ነው፤ ገና አለመድሽውም። አሠልጣኙን ጊዜ ጠይቂው።"

ቦርሳዋን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። "እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ የእኔ ነገር" አለች። ከዚያም፣ "በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁልጊዜ የምቀመጠው በአባዬ በግራው በኩል ነበር። ወንበሩ እዚያ ስለነበር" አለች።

"ስትስቂ ይስቅ ነበር" አልኳት። እውነት ነው፤ ይስቅ ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። እንብላ አለችኝና ወደ ካፍቴሪያው ወረድን። የእኔንም ጭምር በላች።

ዶክተሩ በዚያው ቀን የእህቴንና የወንድሜን ውጤት ከጥናቱ አወጣ። እኔም ምትክ ፍለጋ ስልክ መደወል ጀመርኩ። እህቴ ፈተናውን በሁለት ሳምንት አስተላለፈች፤ ከአሠልጣኙ ጋር ስትለማመድ ሰንብታ ተፈተነችና አለፈች። አሁን ከባቡር ጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደውን አውቶቡስ ትነዳለች።