አንገቱ የተሰበረ ጠመንጃ

አናጢው ከጠመንጃው አንገት ላይ ገመዱን ዙር በዙር ሲፈታ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ኮላው አድሮ ደርቋል፤ ስንጥቁን አቋርጦ የገባው የእንጨት ችንካርም ቦታውን ይዟል። የመጨረሻው ዙር ሲለቅ ሰደፉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሁለት እጁ ጫን አለው። ምንም ድምፅ የለም። እንደገና፣ አሁን ጠንከር አድርጎ ተጫነው። እንጨቱ ቻለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ጥገና ቀኑን ሙሉ ደስ ሲያሰኘው ይውል ነበር። ዛሬ ግን ሰደፉን ከሞርሳው አጠገብ አስቀመጠና ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ።

ገና ማለዳ ነው፤ እሱ ግን ከአልጋው የወረደው ደክሞት ነው። ስድሳ ለሚጠጋ አናጢ ድካም እንደ ወሬ አይቆጠርም። የሱ ድካም ግን የእጅና የወገብ ብቻ አልነበረም። ባለ ሁለት ክፍል ቤቱ ውስጥ እሱና ሚስቱ፣ ትዳሯ ፈርሶ የተመለሰች ልጁና የሷ ሁለት ልጆች ተደራርበው ያድራሉ። ሌሊት የሕፃናቱን ሳል፣ ጠዋት የልጁን ዝምታ ሲያዳምጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየ ሰንብቷል። ወደ ሥራ ቦታው የሚመጣው ለማረፍ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ጠመንጃው የሱ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ከተማው ዳር ላይ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ጠመንጃው የመጋዘኑ ነው፤ ከግቢው በር አጠገብ ያለችው የወንድሙ መኖሪያ ክፍልም የመጋዘኑ ናት። ወንድሙ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሌላ ቤት የለውም። ባለፈው ሰሞን ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ መጣ፤ ሰደፉ ከአንገቱ ተሰብሮ፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የሰደፉ ብረት ተገንጥሎ ጠፍቶ። «ከመሰላል ላይ ወደቅኩ» አለ። ነገ ጠዋት አዲሱ የጥበቃ ኃላፊ መሣሪያ ሊፈትሽ ይመጣል። መሣሪያው ያልተሟላ ዘበኛ ይሰናበታል፤ የተሰናበተ ደግሞ ክፍሉን ይለቃል።

ከዚያ የት እንደሚሄድ አናጢው ራሱን አልጠየቀም። ሚስቱ ጠይቃም መልሳም ጨርሳለታለች። ትናንት ከእራት በኋላ ሳህን እያነሣች «ጠመንጃውን አሳምረህ ጠግነው» አለችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቤቱን በዓይኗ ለክታው ነው። እሱም ገብቶት ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ ምን ያህል ከሷ ጋር እንደተስማማ ሲያስበው አፈረ።

የሚያሳፍረው ሌላም ነገር ነበር። ከመሰላል የወደቀ ጠመንጃ መሬት የሚያገኘው በአንድ በኩል ነው። ይህኛው ግን የሰደፉ ግራ ጎን እዚህም እዚያም ተሰርጉዷል፤ በአንደኛው ስርጉድ ውስጥ የሲሚንቶ ቅንጣት ተቀርቅሮበት ነበር። ሰው ነው ያጋጨው፤ ያውም ደጋግሞ። አናጢው ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን አይቶ ሆድ ይፍጀው አለ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ የጋለ ካውያ እያስነካ፣ ስርጉዶቹን በእንፋሎት አንድ በአንድ አነሣቸው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸው። አሁን እንጨቱ ተመትቶ የሚያውቅ አይመስልም።

«ማሙሽ፣ አለህ?»

ለዚህ ሽበታም ሰውዬ ማሙሽ የሚል ስም ያወጣለትም፣ እስከ ዛሬ የሚጠራውም ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሙ ደፍ ላይ ቆሞ መሬቱን በእግሩ ጫፍ ዳሰስ አደረገና ገባ።

«ግባ፣ ጋሼ። አንገቱ ያዘ።»

«ያንተ እጅ ነክቶት! የኔም አንገት እንዲህ የሚጠገን ቢሆን አመጣልህ ነበር።»

«ያንተ ዕቃው አይገኝም፤ ጊዜው አልፎበታል።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። አናጢው ሰደፉን ከብረቱ አካል ጋር ገጥሞ አጠበቀው፤ ጥይት እንደሌለበትም ከፍቶ አየ፤ ጣቱን አስገብቶም አረጋገጠ። ጠመንጃ እንደ ኮት ነው፤ በባለቤቱ ልክ ካልተሰፋ ትከሻ ላይ ይጎረብጣል። መጨረሻው ላይ ብረት ከመግጠሙ በፊት ርዝመቱን መለካት ነበረበት፤ ሙያውን ያስተማሩት ሰውዬም የሚለኩት እንዲህ ነበር።

«ዓይንህን ጨፍን» አለው። «ጨፍነህ ወደ ትከሻህ አንሣው። ሲመችህ ክፈትና ጣቴ ላይ አነጣጥር።»

ራሱ ከፊት ለፊቱ ራቅ ብሎ ቆመና ሌባ ጣቱን ከዓይኑ ሥር አቆመ። ሰደፉ ለሰውዬው ልክ ከሆነ፣ ዓይን ሲከፈት ቀጥ ብሎ ከአፈሙዙ በላይ ይታያል፤ ለኪውንም ያየዋል። ታላቅ ወንድሙ ጨፈነ፤ በአንድ እንቅስቃሴ፣ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አሳረፈው። ከዚያ ዓይኑን ከፈተ።

ከአፈሙዙ በላይ የታየው ቀኝ ዓይን አናጢውን አላየውም። ማንንም አላየም። ብሌኑን ነጭ ሞራ ጋርዶት የወጥ ላይ ስብ መስሏል። ጥቂት ቆይቶ የታላቅ ወንድሙ አንገት በእንጨቱ ላይ መሳብ ጀመረ፤ ተሳበ፣ ተጣመመ፣ ግራ ዓይኑን ወደ ማነጣጠሪያው ለማድረስ ጉንጩ ሰደፉን አልፎ ሄደ። አፈሙዙም አብሮት ዞረ፤ ከአናጢው ጣት ወደ ጆሮው፣ ከጆሮው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት መጋዞች።

«ያዝኩት» አለ ታላቅ ወንድሙ፣ መጋዞቹ ላይ እንዳነጣጠረ።

አናጢው ጣቱን አወረደ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ርዝመቱ ልክ ነው። አውርደው።»

ተቀበለውና ጀርባውን ሰጥቶ ሞርሳው ላይ አሠረው። ለሰደፉ የሚሆነውን ብረት ከአሮጌ መዝጊያ ላይ ቆርጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ ለሁለት ብሎን በስቶ አዘጋጅቶታል። የቀረው ከእንጨቱ ጋር ማስማማት ነው። ሻማ ለኮሰና የብረቱን ውስጠኛ ፊት ነበልባሉ ላይ ይዞ በጥላሸት አጠቆረው። እንጨቱ ላይ ጫን አድርጎ አነሣው። ብረቱ የነካው ቦታ ሁሉ ጠቁሯል፤ ያልነካው ነጭ ነው። የጠቆረውን በመሮ ስስ አድርጎ ላጠ፤ እንደገና አጠቆረ፤ እንደገና ጫነ። እንዲህ የሚደጋገመው፣ የእንጨቱ ፊት ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ እስኪጠቁር ድረስ ነው። ያኔ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ወረቀት አይገባም።

እጁ አልሰነፈም። ልቡ ግን መንገዱን አስቀድሞ ጨርሶ ነበር። ሁለት ብሎን ብቻ ነው የቀረው። ሁለት ብሎን ይጠብቃል፤ ወንድሙ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ ፍተሻው ያልፋል፤ ማታ ቤቱ እንደ ትናንቱ ይሆናል፣ የጠበበ ግን የታወቀ። ማንም ምንም አይጠይቀውም። አንድ ቀን የሆነ ነገር ቢከሰት እንኳ እሱ የሠራው እንጨት ነው፤ ዓይን አልሠራም። ይህን ካሰበ በኋላ መሮውን አስቀመጠ። እንዲህ የሚያስብ ሰው መሆኑን ከዛሬ በፊት አያውቅም ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ጥግ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ የወዳደቀ ፍቅፋቂ በጣቱ እየጠቀለለ ይፈታል።

«ጋሼ» አለ አናጢው ሳይዞር። «መሰላሉ የሲሚንቶ ነበር እንዴ?»

ውጭ አንድ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

«ወፌን ታውቃታለህ አይደል?» አለ ታላቅ ወንድሙ በመጨረሻ። «ግቢ የምትጠርገዋን። ገና ሳይነጋ ስለምትመጣ ወፌ ያልኳት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ‹እንዴት አደሩ አባቴ› ብላኝ ነው ሥራ የምትጀምረው።»

«አውቃታለሁ።»

«ዝናብ ነበር። ጆንያ ተከናንባ በግንቡ ሥር ስትመጣ… እኔ እንጃ፣ ሌባ ሆና ታየችኝ። ‹ማነህ› አልኩ። ዝናቡ ነው፣ አልሰማችም። ቅርብ ትሁን ሩቅ መለየት አቃተኝ።» ፍቅፋቂውን ጠቀለለ። «ሳብኩት፣ ማሙሽ። ቃታውን ሳብኩት። ጥይቱ ከሸፈ።»

አናጢው ዞረ።

«‹እንዴት አደሩ አባቴ› አለችኝ። እንደ ወትሮዋ ነው፤ ምንም አላወቀችም። መጥረጊያዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ደግሞ አፈሙዙን ጨብጬ ከግንቡ ጋር አጋጨሁት። እስኪሰበር አጋጨሁት። ተመልሶ እጄ እንዳይገባ።»

«ታዲያ ምነው አመጣኸው?»

«ፍተሻ አለ ሲሉ ፈራኋ።» አንገቱን ደፋ። «ከዚያ የት እገባለሁ ብዬ ፈራሁ። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይላሉ፤ እኔ ግንባሬን ይዤ ነው ስጠብቅ የከረምኩት።»

አናጢው ሰደፉን አየው፤ ጥላሸቱ አንድ ወጥ ሆኖ ፊቱን ሞልቶታል፤ ብረቱ ሳይነገረው ቦታውን አግኝቷል። በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ ይህ በጣም የተሳካለት ሳይሆን አይቀርም።

«ብሎኑን አጥብቅና ጨርሰው» አለ ታላቅ ወንድሙ። «ሙሉ ሆኖ ነው የሰጡኝ፣ ሙሉ አድርጌ አስረክባለሁ። ነገን አልጠብቅም። አሁን ከዚህ ወጥቼ ነው የማስረክበው። አንተ ጣቴ ላይ አነጣጥር ስትለኝ ቆረጥኩ። ጣትህ እኮ አልታየኝም።»

አናጢው ካቻቢቴውን አንሥቶ ብሎኖቹን አጠበቀ። የላይኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን። በሚያጠብቅበት ጊዜ ቤቱን በሐሳቡ አየ፤ በሩ አጠገብ የልጁን ፍራሽ፣ መስኮቱ ሥር የሕፃናቱን፣ በመካከል ሰው የሚያልፍባትን አንዲት ክፍተት። ታላቅ ወንድሙ ቤትህ ልምጣ አላለውም። በሕይወቱ ሙሉ አንድም ነገር ጠይቆት አያውቅም። ቢጠይቀው ይሻል ነበር፤ የተጠየቀ ሰው እንቢ ማለት ይችላል።

ጠመንጃውን በዘይት ጨርቅ ወለወለና ሰጠው። ታላቅ ወንድሙ የአንገቱን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ፈለገ፤ አላገኘውም።

«እጅህ ይባረክ» አለ፤ በጆንያው ጠቅልሎም ወደ በሩ አመራ። ደፉ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ በእግሩ ዳሰሰ።

አናጢው ጀርባውን ተመለከተ። ለሚስቱ ምን እንደሚላት አያውቅም። ልጁ ምን እንደምትል፣ ሕፃናቱ የት እንደሚዞሩ፣ ምንም አያውቅም። ዝም ቢል ይህ ጀርባ እንዲሁ ደፉን ተሻግሮ እንደሚሄድ ብቻ ያውቃል።

«ጋሼ። አልጋው የማን ነው?»

«የቱ አልጋ?»

«የምትተኛበት።»

«የመጋዘኑ ነዋ። ፍራሹ ነው የኔ።»

አናጢው ቀና ብሎ ጣሪያው ሥር የተደረደሩትን ሳንቃዎች አየ። ለሰው በር ያዘጋጃቸው ናቸው። በሩን ያዘዘው ሰውዬ መታገስ አለበት።

«እሱን አስቀምጠውና ና፤ ፍራሽህ አልጋ ይፈልጋል» አለ።

ታላቅ ወንድሙ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተመለሰ። ሳንቃዎቹን አየ፣ ወይም ወደነሱ ዞረ።

«ደክሞህ የለም እንዴ፣ ማሙሽ?»

«ደክሞኛል» አለ አናጢው። ከአንገት በላይ አልነበረም፤ ደስ ብሎትም አልነበረም። በርጩማው ላይ ወጥቶ ከሁሉ ረጅሙን ሳንቃ እየጎተተ ወደ ወንድሙ አሾለከው። «በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ታላቅ ወንድሙ ሁለት እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ አየር ጨበጠ። አናጢው ወገቡን እየቆረጠው፣ ሳንቃውን አየር ላይ እንደያዘ፣ እስኪያገኘው ጠበቀው።