የመጋረጃው ጠርዝ

ምንዳዬ የክሩን ጫፍ በምላሷ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ ስታስገባ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነበር። የስፌት መኪናዋ የተተከለው ከኑርሁሴን ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ባጃጁም ሰዉም ይታያል። ቄስ ይበልጣል በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ ይኸውልሽ» አሏት። ሁልጊዜም የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው። «ጠርዙ ተጣሟል ያልሽው መጋረጃ። እኔስ አልታየኝም ነበር። የሰፋው ሰው ጀማሪ ሳይሆን አይቀርም። ምን ይደረግ፣ እግዜር የሚያየው ልቡን ነው።»

ምንዳዬ ነጠላውን ፈታ መጋረጃውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የሰፋችው ራሷ ናት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

በጥር ወር ልጇ አመልማል ምጥ ጠንቶባት ወደ ደሴ ስትወሰድ ምንዳዬ ተሳለች፤ «በሰላም ከተገላገለችልኝ እመቤቴ፣ ለሥዕልሽ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ስሜንም ሰው አይሰማም።» አመልማል ተገላገለች። ምንዳዬም ሰማያዊ ጨርቅ ከኑርሁሴን ገዝታ ሰፋችና፣ አንድ ማለዳ በፌስታል አድርጋ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ላይ አንጠልጥላው ተመለሰች። ብቻ ጠርዙን ከመግጠሟ በፊት እጇ አላርፍ ብሎ በእጥፋቱ ውስጥ «ወለተ ጊዮርጊስ» ብላ ጠልፋበታለች። ማን ያየዋል ብላ።

ባለፈው እሑድ ልደት ቪዲዮ ለቀቀች። ልደት ከፎቶ ቤቱ የምትሠራ፣ በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያላት ልጅ ናት። የመጋረጃውን ጠርዝ ስማ ታለቅሳለች፤ ከላይ «ስእለት ሰሚዋ እናቴ» ይላል። ከሥር ሰዉ «እጅሽ ይባረክ፣ መጋረጃሽ ሲያምር» እያለ ይመርቃል። ምንዳዬ ሦስት መቶውን አስተያየት አንብባ ጨረሰች። ልደት ለአንዱም «የኔ አይደለም» አላለችም።

ከዚያ ወዲህ የማትጠረጥረው ሰው የለም። መጀመሪያ የያዘችው ኑርሁሴንን ነው።

«ለዚያች ልጅ ስለ ሰማያዊው ጨርቅ ያወራህላት ነገር አለ?»

«እኔ በሜትር የምሸጠው ጨርቅ ነው፣ እታለም። ወሬ አልሸጥም።»

አላመነችውም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ጠርዙ ተጣሟል ብላ መጋረጃውን ታስመጣለች፣ ትተረትረዋለች፣ ነገ ደግሞ «ውይ አባ፣ እዚህ ውስጥ ስም አለ» ትላለች። የቀረውን ቄሱ ይጨርሱታል።

ቄሱ ሲሄዱ ኑርሁሴን የጨርቅ መለኪያውን እንጨት ይዞ ወጣና ጠርዙ ላይ አጋደመው።

«መለኪያዬ ካልተጣመመ በቀር ይሄ ቀጥ ያለ ነው።»

«ዓይንህ ደክሟል።»

«ዓይኔማ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እንጃ፣ ዛሬ አንቺ ደህና አልመሰልሽኝም።» እንጨቱን ይዞ ገባ።

መተርተር ስትጀምር ልደት ስልኳን እንደያዘች በረንዳው ላይ ወጣች። ምንዳዬ እጥፋቱን በመዳፏ ሸፈነች።

«እትዬ ምንዳዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ሰው ሁሉ መጋረጃውን እኔ የሰጠሁት መስሎታል። አይደለሁም ብዬ በማግስቱ ሌላ ቪዲዮ ለቀቅሁ፤ አርባ ሰው አየው። የመጀመሪያውን ሃያ ሺህ ሰው ነው ያየው።»

ምንዳዬ ሁለተኛውን አላየችውም። የመጀመሪያውን ቪዲዮ አስተያየት ስታነብ ነው የሰነበተችው።

«ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?»

«የኔ ስእለት ጧፍ ነበር። አብርቼ ቀና ስል መጋረጃው ደስ አለኝ፣ በቃ።» ልደት ጎንበስ ብላ ስፌቱን አየች። «ይሄ የአንቺን እጅ ይመስላል። አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ፤ ከነመጋረጃው ላንሳሽና ነገሩ ይጥራ።»

ወጥመድ ይሆን? ይቺ ልጅ ሌላ ሃያ ሺህ ፈልጋ ይሆን? ምንዳዬ ይህን እያሰበች ስልኩ ወደ እሷ ዞረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አየች፤ አፏ ገና መልስ ሳይሰጥ ግራ እጇ ተነሥቶ ሻሿን እያስተካከለ ነበር።

እጇን አወረደችው።

«አስቀምጪው ልጄ። የሰጠው ሰው ስሙ እንዲጠራ ቢፈልግ ኖሮ በር ላይ ጥሎት አይሄድም ነበር» አለች።

ልደት አላመነቻትም። «እሺ፣ ጠርዙን ለምንድነው የምትፈቺው?»

«ትርፍ ክር አለበት።»

ልጅቱ ወደ ኋላ እያየች ሄደች። ምንዳዬ ምላጩን አነሣች። ከመጨረሻው «ስ» ጀምራ እስከ «ወ» ድረስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ ክሩ ጭኗ ላይ እንደ ተቆረጠ ፀጉር ተከመረ። ከዚያ እጥፋቱን መልሳ በዚያው መስመር ላይ ሰፋችው።

«ተቃና?» አለ ኑርሁሴን ከውስጥ።

«ተቃና።»

ነገ ቄስ ይበልጣል መጋረጃውን ብርሃን ላይ ዘርግተው «አሁን አማረ፤ የጀማሪውን ሥራ ሰው አደረግሽው» ማለታቸው አይቀርም። እሷም «እሺ አባ» ትላለች።

መጋረጃውን አራት አጠፈችው፣ በቄሱ ነጠላ ጠቀለለችው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።